ከፈረሱ አስቀድሞ ፈረሰኛው

ፈረስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። በቀድሞው ዘመን ጀግና የሚጠራው በአባቱ ስም ብቻ ሳይሆን በፈረሱም ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ መባላቸው በዚሁ ልማድ ነው። በቤተ መንግሥትም የፈረሶችንና የበቅሎዎችን አያያዝ የሚቆጣጠር ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር። ዘመን ተለውጦ ፈረስ ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላም የፈረሰኝነት ጥበብ አልጠፋም። በበዓላት ቀን ጉግስ ይካሄዳል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዓድዋ ጦርነት የተሰለፉትን አርበኞችና ፈረሶች በመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በዓሉን ያከብራል። በዚያን ቀን ፈረሶች አጊጠው፣ ፈረሰኞችም ተውበው በሜዳው ላይ ችሎታቸውን ያሳያሉ።

ተመልካች የሚያየው ግን ፍጻሜውን ብቻ ነው። ፈረሱ በአንድ ትእዛዝ ሲቆም፣ በሕዝብ ጩኸት መካከል ሳይደነግጥ ሲያልፍ፣ ፈረሰኛውም በኮርቻው ላይ ተደላድሎ ሲታይ ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ከዚያች ሰዓት በስተጀርባ ግን የብዙ ወራት ድካም አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አሠልጣኝ ፈረሰኛን ለትርዒት ውድድር እንዴት አድርጎ እንደሚያዘጋጅ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ የትርዒት ውድድርን ከእሽቅድምድም መለየት ያስፈልጋል። በእሽቅድምድም የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰው ነው። በትርዒት ውድድር ግን የሚመዘነው ፍጥነት ሳይሆን ሥርዓት፣ ጸጥታና የሰውና የእንስሳ መግባባት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈረሰኛው በኮርቻ ላይ ሆኖ የሚያሳየው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከፈረሱ ጎን በእግሩ እየሄደና በገመድ እየመራ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው ዓይነት በተለይ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ለዚህ ውድድር ደንብ ካወጡት ድርጅቶች መካከል አንዱ የአሜሪካ ኳርተር ፈረስ ማኅበር ሲሆን፣ የተመሠረተውም እንደ አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሁሉ በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ለፈረሱ መልክና ቁመና አይደለም፤ ፈረሱን ላዘጋጀውና ለመራው ወጣት ችሎታ ነው። ስለዚህ ተራ ፈረስ የያዘ ትጉህ ወጣት፣ ውድ ፈረስ ከያዘ ሰነፍ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ እንደምንረዳው የአሠልጣኙ የመጀመሪያ ተማሪ ፈረሱ ሳይሆን ሰውየው ነው። ለምን ቢባል፣ ፈረስ ሰውን አጥብቆ የሚያነብ እንስሳ በመሆኑ ነው። ይህን የሚያረጋግጥ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በጀርመን አገር፣ በበርሊን ከተማ፣ ሐንስ የሚባል ዝነኛ ፈረስ ነበር። የሒሳብ መምህር የነበሩት ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ፈረሳቸው መደመርና መቀነስ እንደሚያውቅ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ሐንስ ጥያቄ ሲቀርብለት መሬቱን በእግሩ ይመታና ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1904 ነገሩን ለመመርመር የተሰየመው ቡድን ምንም ማታለል አላገኘም። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ለማየት በማይችልበት ጊዜ፣ ሐንስ መመለስ ይሳነው ነበር። ለካስ ፈረሱ የሚያውቀው ሒሳብ ሳይሆን ሰው ኖሯል። ቁጥሩ ሲሞላ ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያደርጋትን እጅግ ጥቂት የራስ እንቅስቃሴ አይቶ ያቆም ነበር።

ሰው ራሱ ያላወቀውን እንቅስቃሴ የሚያይ እንስሳ፣ የጋላቢውን ፍርሃትና ቁጣ ሳያይ ይቀራል ማለት ዘበት ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሠልጣኝ ፈረሱን ያስደነግጣል፤ የተቆጣም ያስበረግገዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ፈረሰኝነት የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን፣ ሰው በተቆጣ ጊዜ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ አስጠንቅቋል። ምክሩ ዛሬም ይሠራል። እንግዲህ የዝግጅቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. የፈረስን ጠባይ ማወቅ

ፈረስ በተፈጥሮው አዳኝ ሳይሆን ታዳኝ ነው። ሕይወቱን ሲያተርፍ የኖረው በመዋጋት ሳይሆን በመሮጥ ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ማለታቸው ከዚህም ጋር ይስማማል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ይቀረዋል። የማያይባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቅርብ የሆነው ስፍራ፣ ሁለተኛው ከጭራው በስተኋላ ያለው ነው። በመሆኑም ሠልጣኙ ወደ ፈረሱ የሚቀርበው በትከሻው በኩል፣ ድምፁን እያሰማ መሆን ይገባዋል። ድንገት ከኋላ የመጣ ሰው ወዳጅ ቢሆንም እንኳ ሊረገጥ ይችላል።

ጆሮዎቹም የልቡን ይናገራሉ። ጆሮው ወደ ፊት ከቆመ አንድ ነገር ትኩረቱን ስቦታል ማለት ነው። ወደ ኋላ ተጣጥፎ ከማጅራቱ ከተለጠፈ ግን ተቆጥቷልና መጠንቀቅ ያሻል። አሠልጣኙ ሠልጣኙን ኮርቻ ላይ ከማውጣቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ቆሞ እንዲመለከትና ያየውን እንዲነግረው ያደርጋል። ፈረስን ማንበብ ያልቻለ ሰው ማዘዝ አይችልምና።

2. የዕለት እንክብካቤ

የፈረስ ውበት በውድድሩ ዋዜማ በሚደረግ እጥበት አይገኝም። የጠጉሩ ወዝ የሚመጣው ከተስተካከለ መኖና በየቀኑ ከሚደረግ ብሩሽ ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ደረቁን ጭቃና የሞተውን ጠጉር ክብ ክብ እያደረገ ያስለቅቃል። ቀጥሎ በሸካራ ብሩሽ አቧራውን ወደ ውጭ ይጠርጋል። በመጨረሻም በለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩን ወደ ተኛበት አቅጣጫ ያለሰልሳል። ይህ ሥራ የቆዳውን የተፈጥሮ ቅባት በጠጉሩ ላይ ያዳርሳል፤ ከዚህም በላይ ሠልጣኙ የፈረሱን አካል በእጁ ስለሚዳስስ እብጠትም ሆነ ቁስል ቢኖር በጊዜው ያገኘዋል። በተለይ ኮርቻው የሚያርፍበትን ጀርባ መመርመር ግድ ነው። የተላጠ ጀርባ የተጫነበት ፈረስ እሺ ባይል አመፀኛ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

ሰኮናውም በየቀኑ ይጸዳል። በሰኮናው ሥር የሚወሸቅ ጠጠር ያነክሰዋል፤ ፋንድያና እርጥበት የሞላበት ጋጣም ሰኮናውን ያበሰብሰዋል።

ስለ መኖ ሲነሣ አንድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ውድድሩ ሲቃረብ ፈረሱ እንዲበረታ በማሰብ ገብስ በብዛት በድንገት ይሰጡታል። የፈረስ ጨጓራ ከግዙፍነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሲከፋውም ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ እስከ ሞት የሚያደርስ የሆድ ቁርጠት ሊያመጣበት ይችላል። ለውጥ ካስፈለገ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። የመኖው መሠረት ሣርና ድርቆሽ ሲሆን፣ ንጹሕ ውኃም ሊጓደልበት አይገባም። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ያህል ይጠጣል።

3. እጅንና መቀመጫን ማረቅ

ልጓም ብረት ነው፤ አፍ ደግሞ ሥጋ ነው። ስለዚህ ዛብን የሚይዝ እጅ አስቀድሞ መታረቅ አለበት። ጀማሪ ጋላቢ ሚዛኑን ሲያጣ ዛቡን ይጎትታል። በዚህ ጊዜ የፈረሱ አፍ የሚታመመው በፈረሱ ጥፋት ሳይሆን በጋላቢው ድክመት ነው። ይህ ሲደጋገም የፈረሱ አፍ ይደነዝዛል፤ ወይም ልጓም ባየ ቁጥር ራሱን ማንሣትና መሸሽ ይለምዳል።

ይህን ለማስቀረት አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ አለ። አሠልጣኙ መካከል ላይ ቆሞ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ያዞረዋል፤ ሠልጣኙም ዛብ ሳይዝ፣ እርካብም ሳይረግጥ በፈረሱ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ሚዛኑን መጠበቅ ብቻ ነው። በመጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ በመጨረሻም በደንገላሳ ይሄዳል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በተጀመረው በቪየናው የስፔን የፈረሰኛ ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪዎች በዚህ ሁኔታ ለብዙ ጊዜ ይለማመዳሉ። ሰውነቱ በራሱ ሚዛን የጸና ጋላቢ ዛቡን ለመናገሪያ እንጂ ለመንጠልጠያ አይጠቀምበትም።

ከዚህ ጋር ሠልጣኙ ፈረስ እንዴት እንደሚማር መረዳት አለበት። ፈረስ የሚማረው ከግፊቱ ሳይሆን ግፊቱ ከሚቆምበት ቅጽበት ነው። ለምሳሌ ፈረሱ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ገመዱ በቀስታ ይገፋል። አንድ እርምጃ እንዳፈገፈገ እጁ ወዲያው ይላላል። ፈረሱ በዚያች ቅጽበት «የተፈለገው ይህ ነው» ብሎ ይገነዘባል። እጁ የላላው ዘግይቶ ከሆነ ግን የፈረሱ ልብ በሌላ ነገር ላይ ስለሚሆን ትምህርቱ ከንቱ ይቀራል። ጥፋት ከተሠራ በኋላ ቆይቶ የሚመጣ ጅራፍም እንዲሁ ነው። ፈረሱ ለምን እንደተመታ አያውቅም፤ የሚያውቀው የመታውን ሰው ብቻ ነው። የአንድ ደቂቃ ቁጣ በወራት የተገነባውን እምነት ሊያፈርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

4. መምራትና ማቆም

በእጅ እየመሩ በማሳየት ውድድር ወጣቱ ፈረሱን በእርምጃና በሶምሶማ ይመራል፤ ያቆማል፤ ወደ ኋላ ያስኬዳል፤ ያዞራል። ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር የፈረሱ የቀኝ የኋላ እግር እንደ ምሰሶ ተተክሎ ሌላው አካል ይዞርበታል። በግራ በኩል የሚሄደው ወጣት ፈረሱን ከራሱ እያራቀ የሚያዞረው ስለሆነ እግሩ አይረገጥም። በመጨረሻ ፈረሱ አራት እግሮቹን እንደ ጠረጴዛ እግር አስተካክሎ ሲቆም ዳኛው እየዞረ ይመረምረዋል።

በምርመራው ጊዜ ወጣቱ የት መቆም እንዳለበት የሚወስን ደንብ አለ። ፈረሱን በሐሳብ በአራት ክፍል ይከፍሉታል፤ አንደኛው መሥመር ከአፍንጫው እስከ ጭራው፣ ሌላው ከትከሻው ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ወጣቱ ምንጊዜም በፈረሱ ራስ አጠገብ ይቆማል። ዳኛው በፊተኛው ክፍል ሲሆን ወጣቱ ከዳኛው በተቃራኒ ጎን ይሆናል። ዳኛው ወደ ኋለኛው ክፍል ሲያልፍ ግን ወጣቱ ዳኛው ወዳለበት ጎን ይሻገራል።

ደንቡን በቃል መሸምደድ ይቻላል፤ ጥሩ አሠልጣኝ ግን ምክንያቱን ያስረዳል። የመጀመሪያው ምክንያት የዳኛውን ዕይታ ላለመጋረድ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ደኅንነት ነው። ዳኛው ከኋላ ሳለ ፈረሱ ቢደነግጥ ወጣቱ የፈረሱን ራስ ወደ ራሱ ይስባል። ራሱ ወደ አንድ ጎን ሲሳብ የኋላ አካሉ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ በዚህም የኋላ እግሮቹ ከዳኛው ይርቃሉ። ምክንያቱን ያወቀ ሠልጣኝ በድንጋጤ ሰዓት እንኳ ደንቡን አይረሳም።

በዚሁ አንጻር ሠልጣኙ ሊጥሰው የማይገባ አንድ ትእዛዝ አለ፤ የመሪውን ገመድ በእጁ ላይ መጠምጠም የለበትም። ፈረሱ በርግጎ ቢሮጥ የተጠመጠመው ገመድ ይጠብቅና ሰውየውን ይጎትተዋል። ትርፉ ገመድ በመዳፍ ላይ ተደራርቦ ታጥፎ ይያዛል እንጂ አይጠመጠምም። በኮርቻ ላይ ለሚወጣም ጠንካራ የራስ ቁርና ተረከዝ ያለው ጫማ የግድ ያስፈልጉታል።

5. የልምምድ ሥርዓት

ሠልጣኙ የውድድሩን ቅደም ተከተል በቃሉ መያዝ አለበት። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉን ከፈረሱ ጋር በየቀኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መደጋገም ጉዳት አለው። ፈረሱ መንገዱን ይለምድና ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቀድሞ መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ ከፈረሱ ጋር እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው፣ በተለያየ ተራ ይለማመዳል። ሙሉውን ቅደም ተከተል ግን ሠልጣኙ ያለ ፈረስ በእግሩ እየሄደ ያጠናዋል።

አሠልጣኙም ለንግግሩ መጠን ያበጅለታል። በአንድ ጊዜ «እጅህን አላላ! ተረከዝህን ዝቅ አድርግ! ቀና በል!» እያለ የሚጮህ አሠልጣኝ ሠልጣኙን ያደናግረዋል፤ ሠልጣኙም ፈረሱን። በአንድ ጊዜ አንድ ስሕተት መታረም ይበቃዋል። ፈረሱን ከሕዝብ ጋር ለማለማመድም ጃንጥላ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ከበሮና ጭብጨባ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ከቅርብ እንዲያይና እንዲሰማ ይደረጋል። ልምምዱ ምንጊዜም ፈረሱ በሚገባ በሠራው ነገር መጠናቀቅ አለበት።

6. የውድድሩ ቀን

በዕለቱ ማልዶ መድረስ ተገቢ ነው። ፈረሱ አዲሱን ሜዳ ተዘዋውሮ እንዲያይና እንዲያሸት ጊዜ ይሰጠዋል። ሠልጣኙ ኮርቻውን፣ የመቀነቻውን ጥብቀትና ልጓሙን ራሱ ይፈትሻል። አሠልጣኙ በዚያ ሰዓት አዲስ ትምህርት አያስተምርም፤ ያልተማረውን በዚያች ሰዓት ሊማር አይችልምና። ይልቁንም ሠልጣኙ በረጅሙ እንዲተነፍስ፣ ትከሻውን እንዲያላላ ያሳስበዋል። የሐንስን ታሪክ የሚያውቅ አሠልጣኝ ይህ ለፈረሱም ጭምር የሚደረግ መሆኑን ይረዳል።

«ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» የተባለለት ሰዓት ሲደርስ ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። ፈረሱ አንድ እርምጃ ቢያበዛ ወይም በደንብ ባይቆም፣ ሠልጣኙ ሳይቆጣ በእርጋታ አስተካክሎ መቀጠል አለበት። ዳኞች ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን የታረመበትንም መንገድ ይመለከታሉ። በአደባባይ ፈረሱን የሚማታ ተወዳዳሪ ከሽልማት የበለጠ ነገር አጥቷል።

ውድድሩ ሲያበቃ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ፈረሱ ነው። ላቡ እስኪደርቅ በእርጋታ ይመራል፤ ውኃ ይሰጠዋል፤ ጀርባውና እግሮቹ ይፈተሻሉ። ከዚያም አሠልጣኙ የራሱን አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ሠልጣኙን «አንተ ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሠልጣኙ የራሱን ጉድለት ራሱ ለይቶ መናገር ከቻለ ሥልጠናው ፍሬ አፍርቷል።

ባጠቃላይ የትርዒት ውድድር የአንድ ቀን ጉዳይ ቢመስልም የሚፈተነው ግን በየማለዳው በጋጣው ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። ፈረስ ለማን እንደሚታዘዝ የሚያውቀው በሰውየው እጅ፣ በድምፁና በአቋሙ ነው። ስለሆነም ፈረሱን ለመግራት የተነሣ ሰው በቅድሚያ ቁጣውን፣ ፍርሃቱንና ችኮላውን መግራት ይኖርበታል።